የሰፈር ሱቅ በወረርሽኝ ጊዜ፦ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

መጋቢት 18 ቀን 2012 ዓ.ም.

የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን ከተገለጸ ወዲህ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ከመንግሥት ሠራተኞችም ብዙዎቹ ቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ተደርጓል። የሰፈር ሱቅ ግን አልተዘጋም፣ ሊዘጋም አይችልም። ስኳሩን በግማሽ ኪሎ፣ ሻይ ቅጠሉንና ክብሪቱን በየዕለቱ የሚገዛ ቤተሰብ የወር አስቤዛውን በአንድ ጊዜ ሸምቶ በሩን ዘግቶ እንዲቀመጥ መምከር ኑሮውን አለማወቅ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ አምስት አባወራ ቢኖር አምስቱም በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ልጅ የሚልኩት ወደዚያው አንድ ሱቅ ስለሆነ፣ በሌላ ጊዜ የማይገናኙ ቤቶች ሁሉ የሚገናኙት በባለሱቁ ባንኮኒ ላይ ነው ማለት ይቻላል። በዚህ ምክንያት የአካባቢ ጤና ባለሙያ የሆንኩት እኔና ጥቂት የሰፈራችን በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች ሥራችንን ከሱቅ ለመጀመር ተስማምተናል። የያዝነው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን አስፋልት ወደ ዳገቱ በሚወጣው የኮብልስቶን መንገድ ግራና ቀኝ ያሉትን የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቆች፣ ዳቦ ቤቶቹንና በእነርሱ ደጃፍ የሚቀመጡትን የጉሊት ቸርቻሪዎች ነው።

ጊዜው ለመተዋወቅ አመቺ አይደለም። የሎሚ፣ የነጭ ሽንኩርትና የዝንጅብል ዋጋ በአንድ ሌሊት ጣራ ነክቶ፣ ያለአግባብ ዋጋ ጨመሩ የተባሉ ብዙ ሱቆች በከተማው ታሽገዋል። ስለዚህ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ የሚገባ ሰው ሁሉ ለባለሱቅ ተቆጣጣሪ ነው፤ «ጤና» የሚለውም ቃል ለጊዜው ከ«ማሸግ» ጋር የሚሄድ ይመስለዋል። እኛም ማስታወሻ ደብተራችንን ቤት ትተን፣ ለቤታችን የሚያስፈልገውን እየገዛን ማየት ጀምረናል።

መጋቢት 23 ቀን

ምንም ነገር ከመለጠፋችን በፊት በየሱቁ ፊት እየቆምን የተመለከትነውን እዚህ ላይ ላስፍር። ባለሱቁ ብር ሲቆጥር ጣቱን በምራቁ ያርሳል፤ የተጣበቁ ፌስታሎችን ሲያላቅቅም እንዲሁ ያደርጋል፤ አልላቀቅ ካሉት ደግሞ በትንፋሹ እፍ ብሎ ይከፍታቸዋል፣ ስኳሩ የሚጨመረውም ትንፋሹ በገባበት ፌስታል ውስጥ ነው። ዳቦ ገዢ ትኩስነቱን ለማረጋገጥ ሦስቱን አራቱን ጨብጦ አንዱን ያነሣል። በበሩ መቃን ላይ በክር የታሰረው ላይተር ከእጅ ወደ እጅ፣ ከከንፈር ወደ ከንፈር ሲዞር ይውላል፤ ሲጋራን በፍሬ መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ ቢሆንም ላይተሩ ከቦታው አልተነሣም። የሞባይል ካርድ ፍቀው መሙላት የሚያስቸግራቸው አዛውንቶች ስልካቸውን ለባለሱቁ ይሰጡታል፣ እርሱም ሞልቶ ቀሪ ሒሳባቸውን በጆሮው አዳምጦ ይመልስላቸዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ትኩረታችንን የሳበው ግን የመጠበቂያው ጊዜ ነው። ደንበኛ ሱቅ ውስጥ የሚቆየው ባለሱቁ ከማዳበሪያ ጆንያ ስኳር ወይም ምስር እየዛቀ እስኪመዝን፣ ዝርዝር ብር እስኪፈልግና የዱቤ ደብተሩን ገልጦ እስኪጽፍ ድረስ ነው። እጅግ ጠባብ በሆነው ቦታ አራት አምስት ሰው ትከሻ ለትከሻ የሚቆመውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሰው ተጠጋግቶ የሚቆመው መጠጋጋት ስለሚወድ ሳይሆን ተራው እንዳያልፈው ስለሚሰጋ ስለሆነ፣ «ተራራቁ» ከማለት በፊት ወረፋው የሚያጥርበትን መንገድ መፈለግ ይሻላል የሚል ሐሳብ አንሥተን ሰፊ ውይይት አድርገንበታል።

መጋቢት 28 ቀን

በበሽታው ምክንያት በአገራችን የመጀመሪያው ሞት ትናንት ተሰማ። ዛሬ ባለሱቆቹ ራሳቸው ጠርተው አነጋገሩን።

የእጅ መታጠቢያውን በ20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ሠርተናል። ከታች ትንሽ ቧንቧ ተገጥሞለት በእንጨት መቆሚያ ላይ ይቀመጣል፤ እጣቢው መንገዱን ጭቃ እንዳያደርገው ከሥሩ ባልዲ አለው። ቧንቧው በእጅ የሚከፈት ከሆነ የታጠበው እጅ ተመልሶ ያንኑ ቧንቧ ስለሚነካ፣ ሰፈራችን ውስጥ ያለ አንድ በያጅ በእግር ተረግጦ ውሃውን የሚለቅ ዘንግ ሠርቶልናል። ደረቅ ሳሙና እንደተቀመጠ አያድርም፤ በመረብ ከረጢት አድርገን ብናንጠለጥለውም ሌባ አልቸገረውም። በፈሳሽ ሳሙና ፋንታ የመረጥነው የሳሙና ውሃ ነው፦ 30 ግራም ያህል የልብስ ማጠቢያ ዱቄት በ1.5 ሊትር ሃይላንድ ውሃ በጥብጦ ክዳኑን በምስማር መብሳት። ዋጋው እዚህ ግባ አይባልም፣ የሚሰርቀውም የለም፣ ቫይረሱን የሸፈነውን የስብ ሽፋን በማፍረስ ረገድም ከመዓዛማው ሳሙና አያንስም።

አስቸጋሪው ነገር ውሃው ነው። ዳገቱ ላይ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ፣ ያውም ሌሊት ስለሆነ ጀሪካኑን ማን ይሞላል የሚለው ጥያቄ ከብየዳውም ከሳሙናውም በላይ አነጋግሮናል። በሁለት ሱቆች መካከል የተቀመጠውን ጀሪካን አንዱ በሌላው እያሳበበ ሁለቱም አይሞሉትም። በአንድ ሱቅ ደጃፍ ቆሞ የዚያ ሱቅ ንብረት የሆነው ግን ባዶ ሆኖ አያድርም፤ እንዲያውም አንዷ ባለሱቅ ጀሪካኗን በነጭ ቀለም የሱቋን ስም ጽፋበታለች። ከእንግዲህ የጋራ የሚባል ጀሪካን አናስቀምጥም።

ሚያዝያ 3 ቀን

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጋቢት 30 ቀን ታውጆ ትናንት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሏል፣ መጨባበጥም እንዲሁ። በቴሌቪዥን የሚነገረው «ሁለት የአዋቂ ርምጃ» ለኛ ጠቃሚ መለኪያ ሆኖልናል፤ ሜትር የሚለው ቃል ለብዙ ሰው ጨርቅ ሲገዛ እንጂ ሲቆም አይታወሰውም።

በየሱቁ ፊት በኖራ ክብ ሠርተን ነበር፤ የበልጉ ዝናብ አጥቦ ወሰደው። በቀለም የተሠራው ቢቆይም ወረፋው ሲረዝም ወደ መኪና መንገድ ያወጣል። በመጨረሻ የተሻለው መንገድ በየሁለት ርምጃው ድንጋይ ማስቀመጥ ነው፤ ወጣቶቹ ድንጋዮቹን ነጭ ቀብተዋቸዋል። ሰው ምልክቱን ሲረሳው እንኳ ድንጋዩን ስለማይረግጠው ሳያውቅ ይራራቃል። ልጆች ሲጫወቱ ያነሡዋቸዋል፣ ባለሱቁ ማታ ማታ መልሶ ይደረድራቸዋል።

ስለ ማስታወቂያ ወረቀት አንድ ነገር ልበል። ከጤና ሚኒስቴርና ከሌሎችም የመጡ ጥሩ ጥሩ ወረቀቶች በየሱቁ ተለጥፈዋል። ብዙዎቹ የተለጠፉት ግን «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» ከሚለው ጥንታዊ ማስታወቂያ ጎን ነው፤ ደንበኛውም ሁለቱን በአንድ ዓይን ያያቸዋል፣ ማለትም አንብቦ ፈገግ ይልና ዱቤውን ይጠይቃል። ወረቀቱን አልነቀፍኩም፤ ሥራ ይሠራል ብዬ ግን አልተማመንኩበትም።

ሚያዝያ 9 ቀን፣ የፋሲካ ዋዜማ ሳምንት

እስካሁን ካደረግነው ሁሉ ትልቁ ለውጥ የመጣው በዚህ ሳምንት ነው፣ ሐሳቡም ከእኛ ሳይሆን ከአንድ ባለሱቅ የመጣ ነው። ከሰዓት በኋላ ሱቁ ጭር በሚልበት ጊዜ ስኳሩን፣ ምስሩን፣ ሩዙንና ጨውን በግማሽና በአንድ ኪሎ መዝኖ፣ አስሮ፣ በየመደርደሪያው ደረደራቸው። የበዓሉ ግርግር ሲጀምር ደንበኛው ገና «አንድ ኪሎ...» ሲል የታሰረው ፌስታል ይቀርብለታል። ሌላው ሱቅ ፊት ወረፋው ዳገቱን ሲወርድ የእርሱ ደጃፍ ላይ ከሁለት ሰው በላይ ቆሞ አላየንም።

ለሌሎቹ ስንነግራቸው ሁሉም ወዲያው አልተቀበሉትም። ምክንያታቸው የሚናቅ አይደለም፤ አስቀድሞ የታሰረ ፌስታል ጎደሎ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። ገዢው ዓይኑ እያየ የተመዘነለትን ብቻ ማመን የለመደ ሲሆን፣ ልምዱም ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። መፍትሔው ሚዛኑን ወደ ደንበኛው አዙሮ ባንኮኒው ጫፍ ላይ ማስቀመጥ ሆኗል፤ የተጠራጠረ ሰው ፌስታሉን ራሱ ያስቀምጥና ያያል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙዎች እንደገና መዘኑ፤ አሁን የሚመዝነው ጥቂት ነው። አንዲት ባለሱቅ እንዳሉትም ትርፉ ለጤና ብቻ አይደለም፤ ጭር ባለ ሰዓት የተመዘነ ዕቃ በግርግር ሰዓት ከተመዘነው ያነሰ ይፈሳል።

ፌስታሉን በትንፋሽ የመክፈቱም ነገር በዚሁ ቀረ ማለት ይቻላል። ባለሱቁ ጭር ባለ ሰዓት እጁን ታጥቦ፣ ጎኑ ባስቀመጠው እርጥብ ስፖንጅ ጣቱን እየነካ ያላቅቃቸዋል። ስፖንጁ ለብር ቆጠራም ያገለግላል፤ ባንክ ቤት ገንዘብ ከፋዮች ዘንድ ሲሠራበት የኖረ ነገር ስለሆነ ማንንም አላስገረመም። ስፖንጁ በየማታው በሳሙና ካልታጠበ ግን ራሱ ቆሻሻ ያቁራል።

ዳቦ ቤቶቹ መደርደሪያቸውን በመስታወት ጋርደው በመቆንጠጫ ማንሣት ጀምረዋል። የሚጨብጠው ሰው አኩርፏል፤ ዳቦው ግን አልቀረለትም።

ሚያዝያ 22 ቀን

ስለ በረኪና ጥያቄው በዝቷል። በቤተ ሙከራ ቫይረሱ ፕላስቲክ ላይ እስከ 3 ቀን፣ ካርቶን ላይ እስከ 1 ቀን መቆየቱ ከተሰማ ወዲህ ባለሱቆቹ ባንኮኒውን፣ ሚዛኑን፣ የበሩን እጀታ፣ አንዳንዶቹም የዘይት ጀሪካኑን ሁሉ በንጹሕ በረኪና እያጠቡ ዓይናቸው ይለበልባል። ገበያ ላይ ያለው በረኪና በአብዛኛው 5 በመቶ ያህል ስለሆነ፣ ለባንኮኒ የሚያስፈልገውን 0.1 በመቶ ለማግኘት በ1 ሊትር ውሃ 20 ሚሊ ሊትር፣ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ከሆነ ደግሞ 100 ሚሊ ሊትር ይበቃል። መለኪያ እንዲሆን በሕፃናት መድኃኒት መስፈሪያ ላይ በቀለም ምልክት አድርገን አድለናል። መጀመሪያ በሳሙና ማጠብ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ቅባትና አቧራ ላይ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉን እዚያው ይጨርሳል። የተቀየጠው በየዕለቱ መለወጥ አለበት፤ ፀሐይ ላይ ከዋለማ ውሃ ነው። ከሎሚ፣ ከአቼቶ ወይም ከሌላ የጽዳት ፈሳሽ ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ሰው ላይ መርጨትም ቆዳና ሳንባ ከመጉዳት ሌላ ጥቅም የለውም።

ከሁሉ ያስፈራኝ ዕቃው ነው። በረኪና እየዞሩ የሚሸጡት በሃይላንድ ጠርሙስ ስለሆነ፣ ባንኮኒ ሥር የተቀመጠውን የተጠማ ልጅ ውሃ ነው ብሎ ሊያነሣው ይችላል። በሃይላንድ የተቀመጠውን ሁሉ ወደ ሌላ ዕቃ አስገልብጠን፣ በቀይ ቀለም ምልክት አድርገን፣ ከላይኛው መደርደሪያ አስሰቅለናል። ይህን ሥራ ኮሮና ባይመጣም መሥራት ነበረብን።

አንድ ደንበኛ አረቄ እጅ ማጽጃ ይሆን እንደሆነ ጠይቀውኛል። እጅ የሚያጸዳ አልኮል ቢያንስ 60 በመቶ መሆን አለበት፣ የዓለም ጤና ድርጅት ቀመርም 80 በመቶ ኢታኖል ነው፤ አረቄ ከዚያ በታች ነው። «እንግዲያውስ ለለመደው ይዋል» ብለው ሄዱ።

ግንቦት 10 ቀን

የረመዳን ጾም ከገባ ወዲህ የግርግሩ ሰዓት ተለውጧል፤ ማፍጠሪያ ከመድረሱ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ቴምር፣ ወተትና ሳምቡሳ የሚገዛው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወጣል። የሳምቡሳ ሻጮቹ በአምስት በአምስት ቀድመው እንዲያሽጉ ተነጋግረናል፤ ሐሳቡን ለማስረዳት ብዙ አልደከምንም፣ ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ሲሠራበት አይተውታል።

የዚህ ሳምንት ጉዳይ ግን ትሪው ነው። ብር ከእጅ ወደ እጅ ከሚተላለፍ ደንበኛው ትሪ ላይ እንዲያኖር፣ ባለሱቁም መልሱን እዚያው ላይ እንዲያስቀምጥ ሐሳብ አቅርበን ነበር። ነገሩ ቀላል ቢመስልም እኛ አገር ገንዘብ የሚሰጠው በአክብሮት፣ ለትልቅ ሰው ከሆነም በሁለት እጅ ነው። ጎንበስ ብለው ብር ሊሰጡ የመጡ አባት ትሪው ሲገፋላቸው «ምነው ልጄ፣ እኔን ነው የምትጸየፈው?» ብለው ወጣቱን ባለሱቅ ላብ በላብ አድርገውታል። በሌላው ሱቅ ደግሞ ባለቤቱ ትሪውን የሚያቀርበው ለማያውቃቸው ሰዎች ብቻ ነበር፤ ይህ ከመጸየፍ በምንም አይለይም።

የተስማማንበት ትሪው ለማንም ሳይገፋ በባንኮኒው መሐል እንዲቀመጥና ባለሱቁ ራሱ በቅድሚያ መልሱን እያኖረ እንዲያለማምድ ነው። ሁሉም እኩል ሲስተናገድ ቅያሜው ይቀልላል። አንዳንዶቹ መልሱን ትሪው ላይ ካኖሩ በኋላ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እጅ ይነሣሉ፤ ይህን ማንም አላስተማራቸውም፣ መጨባበጥ ሲከለከል የመጣ ሰላምታ ነው። ሰፌድ ስለማይታጠብ ትሪው የብረት ወይም የፕላስቲክ ይሁን ብለናል።

ሰኔ 14 ቀን

የዓለም ጤና ድርጅት ባለፈው ግንቦት መጨረሻ ስለ ጨርቅ ማስክ ባወጣው ምክር ሦስት ድርብ ያለው እንዲሆን ጠይቋል። የሰፈራችን ልብስ ሰፊዎች ከውስጥ ጥጥ፣ ከውጭ ውሃ የማያስገባ ጨርቅ እያደረጉ ይሰፋሉ፤ ጥራቱን ለማየት ወደ ብርሃን አቅንቶ መመልከትና ለብሶት ሻማ ለማጥፋት መሞከር ይበቃል።

ማስክ ማድረግ ግዴታ ቢሆንም ብዙ ሰው የሚያደርገው አገጩ ላይ ነው፤ ፖሊስ ሲያይ ወደ ላይ፣ ሲያልፍ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚህ የከፋውን ዳቦ ቤቱ በር ላይ አየን፦ ሦስት ጓደኛሞች አንዲት ማስክ ይዘው እየተቀባበሉ በየተራ ገቡ። ወረርሽኙን ለማዛመት ከዚህ የተሻለ መንገድ ማሰብ ይከብዳል።

ባለሱቆቹ ማስክ ያላደረገን ደንበኛ እንዲመልሱ መጠየቅ ቀላል ነው፤ እነርሱ ግን የሚሉት አላቸው። የዱቤ ደንበኛ በወር መጨረሻ ከፋይ ነው፤ ዛሬ ቢቀየም ያለበትን ዕዳ ይዞ ወደ ሚቀጥለው ሱቅ ይሄዳል። «እኔ ስመልሰው ጎረቤቴ ያስተናግደዋል፣ ያኔ ጤናም ገንዘብም አጣሁ» ያለኝ ባለሱቅ የነገሩን ሥር ነግሮኛል። አንድ ሱቅ ብቻውን ደንብ ማስከበር አይችልም፤ መንገዱ በሙሉ ከተስማማ ግን ደንበኛው የሚያኮርፍበት ቦታ የለውም።

ባለሱቆቹን የሚያገናኛቸው እቁባቸው ነው። መሰብሰብ ስለተከለከለ የእቁቡ ሰብሳቢና ጸሐፊው ከእኛ ጋር ሆነው በየሱቁ እየዞሩ አነጋገሩ፤ ማስክ ያላደረገ ሰው ከደጅ ሆኖ ይስተናገድ፣ ወደ ውስጥ አይግባ የሚለውን ሁሉም ተቀበሉት። «አይሸጥለትም» ከሚለው ይህኛው እንደሚሻል የተናገሩት ሰብሳቢው ናቸው፤ ልጅ ልኮ የሚያስገዛን ምስኪን ባዶ እጁን መመለስ ሕሊናቸው አልፈቀደም። የማስክ ዋጋ ለሚከብዳቸው እያንዳንዱ ሱቅ ጥቂት ማስክ በመነሻ ዋጋ ይዟል። የእቁቡ ቃል ከማስታወቂያው ወረቀት ሁሉ የበለጠ ክብደት ነበረው፤ ቃሉን ያፈረሰ ሰው በሚቀጥለው ዕጣ ቀን ሌሎቹን ፊት ለፊት ማየት ስላለበት ይመስለኛል።

ሐምሌ 12 ቀን

በሰኔ መጨረሻ 239 ሳይንቲስቶች ቫይረሱ በአየር ላይ በሚቆዩ ጥቃቅን ጠብታዎች እንደሚተላለፍ ልብ ይባል ብለው ጥሪ ካቀረቡ በኋላ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በተጨናነቀና አየር በማይገባበት ቤት ውስጥ ይህ ሊሆን እንደሚችል ገልጿል። የሥራችን ክብደት ከባንኮኒው ወደ አየሩ መዞር አለበት ማለት ነው። በመንገዳችን ካሉት ሱቆች ብዙዎቹ የኮንቴይነር ወይም የቆርቆሮ ሲሆኑ አንድ በር ብቻ አላቸው፤ ዕቃው እስከ ጣራው ስለሚደረደር የሚነፍስ ነፋስ የለም። ከዚህ በላይ ክረምቱ ገብቷል። ዶፉ ሲወርድ መንገደኛው ሁሉ ሱቅ ውስጥ ይጠለላል፣ ባለሱቁም ዝናቡ እንዳያስገባ በሩን ገርበብ ያደርጋል። ለቫይረስ ከዚህ የሚመች ሁኔታ የለም፣ ዝናብ የመታውን ሰው ውጣ ማለትም ነውር ነው።

የተሠራው ሥራ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ባንኮኒውን ከውስጥ ወደ በሩ ማምጣት ነው፤ ደንበኛው ደጅ ሆኖ ይገዛል፣ ወደ ውስጥ የሚገባበት ምክንያት የለም። ባለሱቆቹ ጥቂት የመደርደሪያ ቦታ ቢያጡም አንድ ያላሰብነው ጥቅም አግኝተዋል፤ ከመደርደሪያ ላይ ተሰውሮ የሚነሣ ዕቃ ቀርቷል። ሁለተኛው በደጁ ላይ ያለውን ሸራ ወይም ቆርቆሮ ጥላ ወደ ፊት ማስረዘም ነው፤ ዝናብ የሚሸሸው ሰው ሱቁ ውስጥ ሳይሆን ጥላው ሥር ይቆማል። ወጪው በባለሱቁ፣ ጉልበቱ በወጣቶቹ ተሸፍኗል።

የኋላ ግድግዳውን በስቶ መስኮት ማውጣት ከሁለቱም የሚበልጥ ቢሆንም ሌባ ይፈራል። እስካሁን የተስማሙት ጥቂቶች ናቸው፤ በብረት ፍርግርግና በወንፊት ተሸፍኖ ወደ ጣራው ተጠግቶ የተሠራውን ካዩ በኋላ ሌሎች እየጠየቁ ነው።

በባንኮኒው ላይ ስለሚሰቀለው ላስቲክ መጋረጃም ተጠይቀናል። ምራቅ ይከለክላል፤ ሆኖም ድምፅም ስለሚከለክል ደንበኛው አንገቱን በጎኑ አሾልኮ ጮክ ብሎ ያወራል፣ አየሩም ባለሱቁ ጋ ታፍኖ ይቀራል። ባንኮኒው በር ላይ ከወጣ መጋረጃው ቢቀር እመርጣለሁ።

መስከረም 20 ቀን 2013 ዓ.ም.

መስከረም 4 ቀን አዲሶቹ የብር ኖቶች ወጡ፤ ባለ 200 ብሩም ታከለ። ለሥራችን ያመጣው ችግር ይህ ነው ብዬ አልጠበቅሁም፦ አዲስ ኖት እርስ በርሱ ስለሚጣበቅ ተረስቶ የነበረው ምራቅ ተመልሶ መጣ። የደረቁትን ስፖንጆች እየዞርን አስረጥበናል። ሁለት መቶውን ለመዘርዘር የሚደረገው ዙረት ደግሞ ሰውን ከሱቅ ሱቅ ያንከራትተዋል፤ የእቁቡ ጸሐፊ ማለዳ ማለዳ ዝርዝር ለሁሉም ማደል ጀምሯል።

ጥር 25 ቀን

የአስቸኳይ ጊዜው ካበቃ ወራት አልፈዋል፤ በመመሪያ ቁጥር 30 ማስክ አሁንም ግዴታ ቢሆንም መንገዱ ላይ ከሚያልፈው ሰው የሚበዛው ባዶ ፊት ነው። ለቅሶውም ሠርጉም ተመልሷል። የጀሪካኖቹን መታጠቢያዎች ብንመለከት ጥቂቶቹ ብቻ ውሃ አላቸው፣ ከተቀሩት አንዱ የሽንኩርት ማስቀመጫ ሆኗል። የነጭ ድንጋዮቹም አብዛኞቹ የሉም።

አስቀድሞ መመዘኑ ግን በሁሉም ሱቅ ቀጥሏል። ባንኮኒዎቹ ከበራቸው አልተመለሱም፤ ትሪውም እንዳለ ነው፣ አሁን ማንም አይቀየምበትም። እነዚህ የቆዩት ለባለሱቁ ጊዜ ስለሚቆጥቡለት ወይም ዕቃውን ስለሚጠብቁለት ነው። በየቀኑ ጥረት የሚጠይቀው፣ ማለትም ውሃ መሙላቱ፣ ማስክ አድርጉ ብሎ መጨቃጨቁና ድንጋይ መደርደሩ ፍርሃቱ ሲቀንስ አብሮ ቀንሷል። የሚቀጥለውን ገንዘብና ጉልበት የት ላይ እንደምናውለው ይህ ይወስንልናል፤ ጀሪካን መግዛት አቁመናል።

መጋቢት 30 ቀን

ወረርሽኙ እንደገና በርትቷል፤ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚመጣው ወሬ ጥሩ አይደለም። የአስትራዜኔካ ክትባት የካቲት 28 ቀን አገር ውስጥ ገብቶ መጋቢት 4 ቀን መሰጠት ጀምሯል፤ ቅድሚያው ለጤና ባለሙያዎች ስለሆነ ባለሱቆቹ ተራቸውን እየጠበቁ ነው። ዕድሜያቸው ለገፋና ስኳር ወይም ደም ግፊት ላለባቸው ባለሱቆች ተራው ሲደርስ የት መሄድ እንዳለባቸው በእቁቡ ጸሐፊ በኩል ለማሳወቅ ዝርዝር ይዘናል።

የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል በዚህ ሳምንት እንዳስታወቀው፣ የተበከለን ዕቃ በአንድ ጊዜ በመንካት የመያዝ ዕድል በአጠቃላይ ከ10,000 አንድ እንኳ አይሞላም። ባንኮኒውን በቀን አንዴ በሳሙና ማጠብ ይበቃል፣ የበረኪናውን ወጪ ለመስኮት አድርጉት እያልን እየዞርን ነው። የእጅ መታጠቡን ግን አላስተውንም፤ ተቅማጥና የዓይን በሽታ አሁንም የሰፈራችን እንግዶች አይደሉም።

ግንቦት 12 ቀን

ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን ሥራ ጀምሯል። ሁለት ወጣት ባለሱቆች ተመዝግበው ቁጥራቸውን ካርቶን ላይ ጽፈው ሰቅለዋል። የብር ንክኪን ይቀንሳል የሚለው ክርክር ለእኔ አሁን ትልቅ ጉዳይ አይደለም፤ የሚጠቅመን ዝርዝር ፍለጋውን በማስቀረት ደንበኛው የሚቆምበትን ጊዜ ካሳጠረ ነው። እስካሁን ግን ሰው ስልኩን ለባለሱቁ ሰጥቶ «አንተ ላክልኝ» ስለሚል፣ የምሥጢር ቁጥሩንም ጮክ ብሎ ስለሚናገር፣ ወረፋው ከጥሬ ገንዘቡ ይልቅ ረዝሟል። ወጣቶቹ ቅዳሜና እሑድ እያስተማሩ ነው።

ሐምሌ ከመግባቱ በፊት የኋላ መስኮት ያልወጣላቸውን የኮንቴይነር ሱቆች ማዳረስ አለብን። በያጁ ፍርግርጉን በዱቤ ለመሥራት ተስማምቷል፤ የቀረው የኮንቴይነሮቹን አከራዮች ማስፈቀድ ሲሆን፣ ከእነርሱም አንዱ ግድግዳው የሚበሳ ከሆነ ኪራይ እጨምራለሁ ብለዋል። ሰኞ ከእቁቡ ሰብሳቢ ጋር ሄደን እናነጋግራቸዋለን።